ሦስት ዓመት የረጨሁት ማላታዮን፦ ከአዘዞ ጓሮ የተጻፈ ግምገማ

የምጽፈው ስለ አንድ ጠርሙስ ነው። አንድ ሊትር ማላታዮን የሚባል የተባይ መርዝ፣ 50 በመቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚረጨው ዓይነት። እዚሁ ጎንደር ከአንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ እየገዛሁ ሦስት ዓመት ሙሉ አዘዞ ያለውን የፍራፍሬ ጓሮዬን ረጭቼበታለሁ። ሰው ስለ ገዛው ዕቃ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንቱ ነው። እኔ ግን የዚህን ዕቃ ጠባይ ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ስለሆነ እስካሁን ቆየሁ። በመጀመሪያው ዓመት ጽፌ ቢሆን ኖሮ አምስት ኮከብ ሰጥቼ «ግዙ፣ አትጠራጠሩ» ብዬ ብዙ ሰው አሳስት ነበር።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጭማቂ ቤት አለኝ። አቮካዶውንና ማንጎውን ከገበያ እገዛለሁ፤ ዘይቱኑ ግን የራሴ ነው። (ውጭ አገር ያደጋችሁ ልጆች ጉዋቫ የምትሉትን ማለቴ ነው።) እናቴ ከተከለቻቸው ዛፎች 14ቱ ዛሬም ያፈራሉ። ከእነሱ ሌላ ስድስት ብርቱካንና ሦስት የኮክ ዛፍ አሉኝ። አዘዞ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት ምድር ናት፤ አትክልት ይወድዳታል። ያንኑ ያህል ግን ፍሬ የምትወጋው ዝንብም ትወድዳታለች።

ከአራት ዓመት በፊት በጥምቀት ሰሞን ነው ነገሩ የገባኝ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ፣ ጭማቂ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ ጠፍቶ ሳለ፣ የምታግዘኝ ልጅ አንድ ያማረ ዘይቱን ለሁለት ስትከፍል ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። ከውጭ እንከን የለውም። ቢጫ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ልጣጩ ላይ መርፌ የነካው የምትመስል አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበረች። ውስጡ ግን ቀልጧል፤ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል። አንዱ ትል ከመክተፊያው ላይ ራሱን አጉብጦ ዘለለ። እውነቴን ነው፣ እነዚህ ትሎች ይዘላሉ፤ አፍና ጭራቸውን ያገናኙና ተስፈንጥረው አንድ ስንዝር ያህል ይርቃሉ። ደንበኞቼ ፊት የሆነ ነገር ስለሆነ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የዚያን ቀን ከጓሮዬ የመጣውን ሙሉ ቅርጫት ደፋሁት።

በማግስቱ መሸጫው ሄድኩ። ነጋዴው ማላታዮኑን ሰጠኝ፤ «ዛፉን ከላይ እስከ ታች አርሺው፣ በየሳምንቱ ድገሚው» አለኝ። የጀርባ መርጫ ተከራየሁና አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ እንዳለኝ አደረግሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የሚያስገርም ነበር። ከመስከረም በኋላ የለቀምኩት ዘይቱን ከአሥሩ ዘጠኙ ንጹሕ ነው። ብርቱካኑም ዳነ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፤ ሁለት ቤት በእኔ ምክር ገዝቷል። ሁለተኛው ዓመት ከአሥሩ ሦስት አራቱ ይበላሽ ጀመር። «ዝናብ አጥቦት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ዓመት ግን ከረጨሁ በሁለተኛው ቀን ዝንቦቹ ቅጠሉ ላይ ቁጭ ብለው ክንፋቸውን ሲያወናጭፉ አየኋቸው። ከአሥር ዘይቱን ስድስቱ ትል አለበት፤ ምንም ያልረጨሁ ያህል ነው።

ተመልሼ ሄድኩና ነገርኩት። ነጋዴው «እጥፍ አድርገሽ በጥብጪው» አለኝ። እሱም ካልሆነ ብሎ በሌላ ቀለም ጠርሙስ ሌላ ስም ያለው መድኃኒት አወጣልኝ። መለያውን ሳነብበው ዳይሜቶኤት ነው። ነጋዴው ክፉ ሰው ስለሆነ ነው አልልም፤ ለእሱም ይህንኑ የነገረው ሰው ይኖራል። ግን ይህ ምክር በጣም ጎጂ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ የምለውን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠርሙሱን ነው። ተበርዟል፣ ወይም ጊዜው አልፎበታል አልኩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው ያስቆመኝ።

«እትዬ፣ ጠርሙሱን ከመክሰስሽ በፊት ዝንቧን እንጠይቃት» አለኝ።

«ዝንብ እንዴት ይጠየቃል?»

«ማላታዮን ቀምሳ የማታውቅ ዝንብ አምጪልኝ፤ ከዚያ ታያለሽ።»

ወንድሜ ማክሰኝት ነው የሚኖረው። ግቢው ውስጥ አራት የዘይቱን ዛፍ አለው፤ ዕድሜ ልኩን ፍሬ ዛፍ ረጭቶ አያውቅም። ከእሱ ግቢ አንድ ኬሻ የወደቀ ዘይቱን፣ ከእኔም አንድ ኬሻ አመጣን። ሁለት ባልዲ ውስጥ አሸዋ አድርገን ፍሬውን ላዩ ላይ አስቀመጥን፤ አፉን በሻሽ አሰርነው። ትሎቹ ከፍሬው እየወጡ አሸዋው ውስጥ ገቡ። ከሳምንት በላይ ቆይተን አሸዋውን በወንፊት ስንነፋው ከስንዴ ፍሬ አነስ የሚሉ ቡናማ ቅንጣቶች ወንፊቱ ላይ ቀሩ፤ እነዚህ ሙሽሬ የሚባሉት ናቸው፤ ትሉ ዝንብ እስኪሆን በቅርፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ። እህል መስለውኝ በጣቴ አንዷን ስነካት ውስጧ ሕይወት እንዳለ ይታወቃል፤ ጠጠር አይደለችም፣ ትለመጣለች። ከዚያም አንድ ጠዋት ሻሹ ከውስጥ በኩል በዝንብ ተሞልቶ አገኘነው።

ሁለት ዓይነት ዝንብ ነው የወጣው። አንደኛዋ ክንፏ ላይ ቢጫና ቡናማ መቀነት ያላት፣ ዓይኗ የሚያብረቀርቅ፣ ከቤት ዝንብ ያነሰች ናት፤ የሜዲትራኒያን ፍሬ ዝንብ የሚሏት እሷ ናት። ሁለተኛዋ ተለቅ ትላለች፣ ክንፏ ጥርት ያለ ነው፣ ሆዷ ላይ ጥቁር የመስቀል ቅርጽ የመሰለ ምልክት አላት። ይህቺኛዋ ከእስያ የመጣች ናት፤ አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አዳርሳለች። ከእኔ ጓሮ የወጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያዋ ዓይነት ስለነበሩ ሙከራውን በእሷ አደረግን።

ሙከራው ይህ ነው። የጃም ጠርሙሶች ሰበሰብን። መለያው ላይ ከታዘዘው ይልቅ አቅጥነን የበጠበጥነውን ማላታዮን ውስጣቸውን ቀባንና አደረቅነው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ 20 ዝንብ፣ ከማክሰኝት ሦስት ጠርሙስ፣ ከአዘዞ ሦስት ጠርሙስ። ከየቦታው አንዳንድ ጠርሙስ ደግሞ ውሃ ብቻ ተቀብቶ ለማመሳከሪያ ቀረ። ስኳርና እርሾ ሰጠናቸውና አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ አብረን ቆጠርን። የማክሰኝቶቹ ከ60ው 57ቱ ሞተዋል። የእኔ የአዘዞዎቹ ከ60ው የሞቱት 31 ናቸው። ውሃ ብቻ ከተቀባው ከሁለቱም የሞተች አንዲት ብቻ ናት። አንዷን የአዘዞ ዝንብ ለብቻዋ አስታውሳታለሁ፤ በሞቱት መካከል እየተራመደች የፊት እግሮቿን እያፋተገች ነበር፣ እጁን ታጥቦ ከማዕድ እንደሚነሣ ሰው።

ይህ የቤት ሙከራ ነው፤ ጥናት ነው አልልም። ለእኔ ግን የሚበቃውን ነግሮኛል። ያው አንድ ጠርሙስ የማክሰኝቷን ይገድላል፤ የእኔን አይገድልም። ስለዚህ ጠርሙሱ አልተበረዘም። የተለወጠችው ዝንቧ ናት፤ የለወጥኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልጁ እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ። ማላታዮን የሚገድለው በነርቭ በኩል ነው። ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርበት አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ መልእክቱ እንደደረሰ ያንን የሚጠርግ ኢንዛይም ደግሞ አለ። መርዙ ያን ጠራጊ ይይዝና ሥራ ያስፈታዋል። መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ዝንቧ ትንቀጠቀጣለች፣ ትገለበጣለች፣ ትሞታለች። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ዝንብ መካከል የጠራጊው ኢንዛይም ቅርጽ በትንሹ ለየት ያለባቸው ይኖራሉ። መርዙ እነሱ ላይ ደህና አድርጎ አይገጥምም። እኔ በየሳምንቱ ስረጭ ሌሎቹ አለቁ፣ እነዚህ ተረፉ፣ እርስ በርሳቸው ተዳቀሉ። ዘር ከልጓም ይስባል፤ ልጆቻቸውም እንደ እናት አባታቸው ወጡ። ስለዚህ ዝንቧ «ለመደችው» ስንል አንዲቷ ዝንብ ራሷ ለምዳ ማለት አይደለም። ያልቻለችው ሞታ የቻለችው ወልዳ ማለት ነው።

ይህ በእኔ ጓሮ አልተጀመረም። ስፔን ውስጥ ብርቱካን አምራቾች ይህችኑ ክንፈ መቀነት ዝንብ ዓመታት በማላታዮን ሲረጩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከእርሻ የተለቀሙ ዝንቦች መድኃኒቱን እንደተቋቋሙ ተገኘ። ሲመረመሩ እዚያው ጠራጊ ኢንዛይም ላይ አንዲት ለውጥ ነበረች። ታዲያ ነጋዴው ያወጣልኝ ዳይሜቶኤትም፣ ዲያዚኖንም፣ ማላታዮንም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስቱም የሚይዙት ያንኑ ጠራጊ ነው። የጠርሙሱ ቀለም ስለተለወጠ መድኃኒቱ ተለወጠ ማለት አይደለም። እጥፍ መበጥበጥ ደግሞ በመካከለኛው መጠን የሚሞቱትን ገድሎ በጣም ጠንካሮቹን ብቻ ለዘር ማስቀረት ነው። ከዚያ በላይ መርዙን እኔና ንቦቹ እንጠጣዋለን። ጎረቤቴ አራት ቀፎ አላቸው፤ ማላታዮን ንብን ክፉኛ ይገድላል።

አሁን ወደ ተስፋው ልግባ፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ያ የተለወጠ ኢንዛይም ከመርዙ ቢያመልጥም የራሱን ሥራ እንደ ድሮው አይሠራም። ልጁ ያለኝን እኔ በዚህ ነው የተረዳሁት፦ ጋሻ አንግቶ የሚያርስ ገበሬን አስቡ። ጦር በሚወረወርበት ቀን የሚተርፈው እሱ ነው። ሰላም በሆነ ቀን ግን ጋሻው ይከብደዋል፤ ባዶ እጁን የሚያርሰው ጎረቤቱ ይቀድመዋል። መርዝ በሌለበት ዓመት መርዝ የምትቋቋመው ዝንብ ከሌላዋ ያነሰ ልትወልድ፣ ቀድማ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ መርጨቱን ባቆም ደካማዎቹ፣ ማለትም መድኃኒት የሚገድላቸው፣ ቀስ በቀስ ይመለሱ ይሆናል። ጠርሙሱም ጉልበቱን መልሶ ያገኛል።

ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ «በቃ፣ አንድ ዓመት ጾም እናስጾመውና እንመለስ» አልኩ። ልጁ ግን ቶሎ አትደሰቺ አለኝ። የጋሻው ዋጋ ሁልጊዜ አይከፈልም። ለዚህ ማስረጃው ጭማቂ ቤቴ ውስጥ አለች፤ ከበሰለ ሙዝና ከጠጅ ብርሌ አፍ የማትጠፋው ዓይነ ቀይ ትንሽ ትንኝ። ሳይንሱ ድሮሶፊላ ይላታል። በሞቃት ቦታ በአሥር ቀን ገደማ አንድ ትውልድ ስለምትጨርስ ስለ መርዝ መቋቋም ከተደረሰበት ብዙው የተገኘው ከእሷ ነው። በዱር ያለችው ድሮሶፊላ ዲዲቲን የምትቋቋምበት ሲፕ6ጂ1 የሚባል ዘረመል አላት፤ መርዙን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርትላታል። ከቦታ ቦታ የሚዘል የዘረመል ቁራጭ አጠገቡ ገብቶ ስለተሰካ ዘረመሉ ከልኩ በላይ ይሠራል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ያው አንድ ለውጥ ዓለምን አዳርሶ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ዋጋው ስንት ነው ብለው ሲመረምሩ ሴቶቹ ላይ ዋጋ አጡበት፤ እንዲያውም ከሌሎቹ የተሻለ ይወልዳሉ። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች አንዳንድ ወንዶች ላይ ብቻ፣ ያውም እንደ ዘራቸው፣ ሴት ለማግኘት ሲደክሙ ታዩ። እንግዲህ ጋሻው ከብዶት የሚያርስ አለ፤ ጋሻው የማይከብደውም አለ።

ስለ ዲዲቲ ሲነሣ ልጅነቴ ትዝ ይለኛል። ደምቢያ አያቴ ዘንድ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ረጪዎች ይመጡ ነበር። እህሉም ዕቃውም ተሸክመን ደጅ እናወጣለን፤ ግድግዳው ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የነካው ይመስላል። የመጀመሪያ ሰሞን ትንኝም ቁንጫም ትኋንም አለቀ ብለው አያቴ ይመርቋቸው ነበር። ኋላ የወባ ትንኟ ስለተቋቋመችው ዲዲቲው በሌላ መድኃኒት ተተካ። ያኔ እንደ መንግሥት ሥራ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው የአያቴ ግድግዳና የእኔ ዘይቱን አንድ ታሪክ ነው ያላቸው።

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከጥምቀት እስከ ጥምቀት፣ አንድ ጠብታ አልረጨሁም። በዚያ ዓመት ሥራው ሁሉ በእጅ ሆነ። በየማለዳው የወደቀውን ፍሬ መልቀም፤ በጥቁር ፌስታል አሥሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ትሉ በሙቀት ሲያልቅ መቅበር። ዝንቧ ከአፈር ነው የምትወጣውና ዛፉ ሥር የቀረ አንድ የበሰበሰ ዘይቱን የመጪው ወር ዝንብ ሁሉ እናት ነው። ሳይበስል በእጅ መልቀምም ረድቶኛል።

ከዚያ ወጥመድ ሠራሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ ጎን ጎን ጣት የሚያሳልፉ አራት ቀዳዳ አበጀሁ፤ ውስጡ የጠላ አተላ በውሃ አቅጥኜ ትንሽ ስኳር ጨመርኩበትና ከዛፉ ጥላ በኩል ሰቀልኩት። ይህ የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሴቷ ዝንብ እንቁላል ለማብሰል ፕሮቲን ትሻለች፤ አተላ ውስጥ ያለው እርሾ ያን ይሰጣታል። ኬንያ ውስጥም ከቢራ ፋብሪካ የሚተርፍ እርሾ ለፍሬ ዝንብ ማጥመጃ ይሠራበታል። እዚህ የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ እንዲህ ያለ ማጥመጃ ተዘጋጅቶ በየመሸጫው ቢገኝ ዛሬውኑ ነው የምገዛው። ወጥመዱ እንከን አለው፦ በአራት በአምስት ቀን ካልተለወጠ ይገማል፣ ሌላም ነፍሳት ይገባበታል፣ ዝንቡን ጨርሶ አያጠፋም። ግን ሴቶቹን ይይዛል፤ ፍሬ የምትወጋው ደግሞ ሴቷ ናት። ሜቲል ዩጂኖል የሚባል መሳቢያ የተነከረ ጥጥም ሞክሬያለሁ፤ እሱ የሚጠራው የእስያዋን ዝንብ ወንዶቹን ብቻ ስለሆነ ለእኔ ጓሮ ብዙም አልጠቀመኝም። ማንጎ ለሚያለማ ሰው ግን በጣም የሚረባ ነገር ነው።

ዓመቱ ሲሞላ ያንኑ የጃም ጠርሙስ ሙከራ በዚያው መጠን ደገምነው። ከ60ው የአዘዞ ዝንብ 43ቱ ሞቱ። ካቻምና 31 ነበሩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የቆጠርኩት።

ይህ ጋሻው ከብዷቸው ይሁን፣ ወይስ መርዝ ካልቀመሰ ግቢ የመጡ ዝንቦች ተዳቅለዋቸው፣ ሙከራችን አይለይም። ልጁ ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። እዚህ ላይ ጎረቤቴን ማንሣት አለብኝ። ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ለንቦቻቸው ብለው አንድም ቀን ረጭተው አያውቁም። እኔ በምረጭበት ጊዜ «ጋሼ፣ የእርስዎ ግቢ እኮ የዝንብ መፈልፈያ ሆነ፤ ይርጩ እንጂ» እያልኩ ስንቴ ነዝንዣቸዋለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር። ለካስ ከእሳቸው ግቢ የሚመጡት መድኃኒት የሚገድላቸው ዝንቦች ከእኔ ጠንካሮች ጋር እየተዳቀሉ ዘሩን ሲያለሳልሱልኝ ኖረዋል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ያሰብኩት ንቦቼን ነው፤ አንቺንም ከጠቀመሽ እሰየው» አሉኝ።

ታዲያ ከ60ው 17ቱ አሁንም ቆመዋል፤ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ሰሞኑን ልጁ ያነበበልኝ ጥናት አሳስቦኛል። አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ድሮሶፊላን ሜዳ ላይ በተተከሉ ትልልቅ የመረብ ጎጆዎች አኑረው ማላታዮን ሲሰጧቸውና ሲከለክሏቸው አይተዋል። ስንረጭ ተቋቋሚዎቹ ይበዛሉ፤ ስናቆም ይቀንሳሉ፤ ግን አይጠፉም። የዚህ ምክንያት እንዲህ ነው፦ የተለወጠውን ዘረመል ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰች ዝንብ ከመርዙ ትድናለች፤ ዋጋውን ግን እምብዛም አትከፍልም። ዋጋው የሚከብደው ከእናትም ከአባትም የወረሰችው ላይ ነው። ስለዚህ በዕረፍቱ ዓመት ዘረመሉ በግማሽ ወራሾቹ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ መርጨት ሲጀመር ደግሞ በጥቂት ትውልድ ተመልሶ ይነግሣል። እኔ ማስጾም ያልኩት ዕረፍት ያለሰልሳል እንጂ አይፍቅም።

ስለዚህ አሁን ጠርሙሱን የምጠቀምበት እንዲህ ነው። ዛፍ አላርስም። ዝንቡ በሚበረታበት ሰሞን ብቻ፣ ወጥመዱ ውስጥ ያለው ቁጥር ከፍ ሲል፣ ትንሽ ማላታዮን ከአተላው ጋር ቀላቅዬ በእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ጎን፣ የመሶብ ክዳን የሚያህል ቦታ ላይ ቅጠሉን ብቻ እነካካለሁ። ዝንቧ ወደ ምግቡ ትመጣለች፤ እኔ መርዙን ይዤ አላሳድዳትም። አበባ ባለበት ጊዜ ፈጽሞ አልነካውም፤ ስነካውም አመሻሽ ላይ ንብ ከገባ በኋላ ነው። ከአራቱ የዳር ዛፎች ሁለቱን ደግሞ ጨርሶ አልነካቸውም፤ ለደካማዎቹ መጠለያ ይሁኑ ብዬ ነው። የእነሱን የወደቀ ፍሬ ግን እለቅማለሁ። እዚህ ላይ ልቤ ይከፈላል፦ መጠለያ ልተውላቸው ብል ትሉ ይበዛብኛል፤ ልልቀም ብል መጠለያው ይሳሳል። መካከሉን እየፈለግሁ ነው።

ድሮ በአንድ የፍሬ ወቅት ሁለት ሊትር ይፈጅብኝ የነበረው አሁን ሩብ ሊትር አልደረሰም። ዘንድሮ ከለቀምኩት ዘይቱን ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ንጹሕ ነው። እንደ መጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ አልሆነም። ሰባቱን እቀበላለሁ፤ ያ ዘጠኝ ከመጪው ዓመት ተበድሬ የበላሁት ነበር።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ማላታዮኑ ራሱ፣ ታሽጎ፣ የማብቂያ ቀኑ ታይቶ ከተገዛ፣ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ የማክሰኝት ዝንቦች ምስክር ናቸው። ለዚህ አራት ኮከብ። መለያው ላይ የመድኃኒቱ ቤተሰብ ምን እንደሆነ፣ ከምን ጋር ማፈራረቅ እንደሚገባ በአማርኛ አለመጻፉ አንድ ኮከብ ያስቀንሰዋል። የሽያጭ ምክሩ ደግሞ ሌላ አንድ። ስለዚህ ከአምስት ሁለት፤ እንደ እኔ አሁን ለሚጠቀምበት ሰው ሦስት። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብላችሁ ሌላ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ስሙን ትታችሁ ታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገር አንብቡ። ማላታዮን፣ ዲያዚኖን፣ ዳይሜቶኤት ካለ ቤተሰቡ አንድ ነው። ስፒኖሳድ የሚባለው ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው፣ ነርቭንም በሌላ በር ነው የሚይዘው። ካገኛችሁት ጥሩ ነው፤ ግን እሱንም በየሳምንቱ አትርጩ። ካሊፎርኒያ የወይራ ዝንብ፣ ሃዋይ ደግሞ የሐብሐብ ዝንብ እሱንም መቋቋም ጀምረዋል።

በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ማላታዮን ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። መለያ የሌለው መርዝ ነው፤ ልጆች ውሃ ነው ብለው ያነሡታል።

የእኔ ጠርሙስ ግማሹ ሳያልቅ ቆልፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ላዩ ላይ በፕላስተር የተጠቀምኩበትን ቀን እጽፋለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ በእሳቸው በኩል የወደቀውን ዘይቱን በኬሻ ለቅመው አጥሩ ሥር ያኖሩልኛል፤ ጠዋት ስደርስ ፌስታሉን ብቻ ነው የማሥረው። የመስከረሙን ቆጠራ የእህቴ ልጅ ተመርቆ ሥራ ከያዘም እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል፤ የጃም ጠርሙሶቹን አጥቤ ከመደርደሪያው ላይ ደፍቻቸዋለሁ።